የድንጋይ ሰዎች ዳኛ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዳኛ በእጁ ያለውን ጉዳይ ሳይፈርድበት በአደባባይ ማውራቱ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ፣ ትዕቢት አይሁንብኝና፣ ዳኛ ነኝ። የማስችለውም ተራ ነገር አይደለም። አንዲት የድንጋይ በቅሎ ወንዝ ተሻግራለች ወይስ አልተሻገረችም በሚል ክርክር ብቻ ሁለት እሑድ ሙሉ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ሸክም ያለበት ሰው አፉን መዝጋት ነበረበት። አልቻልኩም።

በአገራችን ደንብ ብቻውን ኖሮ አያውቅም። ደንብ ሲወለድ መመሪያ ይከተለዋል፤ መመሪያው ሲያደናግር ማብራሪያ ይጻፍለታል፤ ማብራሪያው ካበራው ይልቅ ያጨለመው ስለሚበዛ ደግሞ «ስለ ማብራሪያው የተሰጠ ማብራሪያ» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። እናንተም ተጋፍታችሁ ታነቡታላችሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ ትጠይቋታላችሁ። እሷም «ነገ ይምጡ» ትላለች። ማብራሪያ የማያስፈልገው ይኸው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ላሊበላ ጎብኚ ባጣችባቸው ዓመታት የሰፈራችን ቅርጽ ሠሪዎች መፈልፈላቸውን አላቆሙም፤ የለመደ እጅ ሥራ መፍታት አይችልበትም። መደርደሪያው በቀይ ድንጋይ ቄሶች፣ በድንጋይ ገበሬዎች፣ እንስራ ባዘሉ ሴቶች፣ በአህዮችና በበቅሎዎች ተጨናነቀ። ገዥ ያጣ ዕቃ ደግሞ ባለቤቱን ዓይን ዓይኑን ያያል። ይህን ማፍጠጥ መቋቋም ያቃታቸው ጎረቤቴ ጋሽ ፈንታው አንድ ቀን ሰፊ ሳንቃ አመጡና ዳገት፣ ቁልቁለትና ወንዝ ፈለፈሉበት፤ መንገዱን ሁሉ በትናንሽ ጉድጓዶች አያያዙት። ከወዲህ አሥራ ሁለት፣ ከወዲያ አሥራ ሁለት የድንጋይ ሰውና ከብት አሰለፉ። ጨዋታው መሐል ላይ ወዳለው የብልባላ ገበያ ብዙ ሰው ማድረስ ነው። መንገድ ላይ የተያዘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህንን «መሸኘት» እንለዋለን። «ገደለ» የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንም አላነሣውም። ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጨዋታው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ከገነተ ማርያም ሳይቀር በእግራቸው የሚመጡ ተወዳዳሪዎች ተገኙ። ተወዳዳሪ ሲበዛ ጠብ መጣ፤ ጠብ ሲመጣ ዳኛ ተፈለገ። ዳኛ ሲያደርጉኝ ያሉኝ «አንተ ጨዋታውን ጨርሶ ስለማትችል አታዳላም» ነበር። በዚያ ላይ ሀያ ዓመት አስጎብኚ ነበርኩ፤ ለማላውቀው ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። ለደንብ ማብራሪያ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የት ይገኛል?

የመጀመሪያው ማብራሪያዬ ስለ ቄሶች ነበር። በደብተራችን «ቄስ አይያዝም፤ መንገድ ይለቀቅለታል» የሚል ጨዋ ደንብ ሠፍሯል። ይህን ያነበበው አራጋው የሚባለው ጮሌ ቅርጽ ሠሪያችን በማግስቱ አሥራ ሁለት ቄሶች ይዞ ቀረበ። ገበሬ የለ፣ አህያ የለ። ሁሉም ጥምጣም። ማንም ሳይነካቸው እየባረኩ ገበያ ገቡ። ጉባኤው ተንጫጫ። እኔም ተነሥቼ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ ደብሩ በሙሉ ገበያ ከወረደ ማን ቀደሰ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ቄስ በላይ ወደ ብልባላ አይወርድም። አራጋው ግን ቂሙን ይዞ ቀረ፤ አሁን ለእያንዳንዷ የደንብ ነጥብ ከእሱ የበለጠ ዘበኛ የለም።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ደረስኩ። ጋሽ ፈንታው ዓይናቸው ደክሟል። «ደክሟል» የምለው ለአክብሮት ነው። ባለፈው ዓመት «ሰርግ ተጠርተናል» ብለን ሁለታችን ከተማ ወርደን ነበር። ሰርጉ የዓይን ክሊኒክ ነበር። ሐኪሙ ብዙ አየና፣ ቀስ ብሎ፣ «የሄደው አይመለስም» አለን። ጋሽ ፈንታው አመስግነው ወጡ፤ በሩን እንዳለፍን ክንዴን ያዙና «ሰርጉ ጥሩ ነበር በል» አሉኝ። እኔም ለሰፈሩ ሁሉ ጥሩ ነበር አልኩ። የሙሽራዋን ቀሚስ እስከ ዛሬ ስገልጽ እኖራለሁ።

ኮምቦልቻ ልብስ የምትሰፋ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሙሉ ትባላለች። ከአባቷ ሌላ ማንም የላትም። ወሬው ሳይደርሳት አልቀረም መሰል፣ ባለፈው ጥር ከፍጻሜው ውድድር በፊት ባለው ቅዳሜ ባዶ ሻንጣ አንጠልጥላ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አባዬ፣ አብረን እንሂድ። ዓይንዎ ደክሟል አሉኝ።»

«ማን አባቱ ነው ያለሽ? ዓይን የሌለው ለፍጻሜ ይደርሳል?»

«ይደርሱ ይሆናል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።»

«እንግዲያውስ ስሚ! ዋንጫውን ካላመጣሁ ውሰጂኝ።»

«ይማሉ?»

«ምያለሁ። ይኸው፣ ዳኛው ምስክሬ ነው።»

ልጅቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጋሽ ፈንታው ጉልበቴን ፈልገው ያዙኝ። «እዚህ ስንት እርምጃ የት እንደሚያደርሰኝ እግሬ ያውቃል» አሉኝ። «እዚያ ሄጄ የማላውቀውን ግድግዳ ስዳብስ ልሙት?» እኔ ምን ልበል? ዳኛ ነኝ፤ አላዳላም። እንባዬን በጋቢዬ ጠረግሁ።

እሑድ ከሰዓት የእድራችን ቤት ጢም አለ። የጋሽ ፈንታው ባላጋራ ጦይባ ናት፤ ከመንገድ ዳር ከተማ እዚህ አግብታ የመጣች፣ በአጥር የምትዋሰናቸው፣ ከሱቃቸው አጠገብ ሻሽና ነጠላ የምትሸጥ፣ ሽሮ ስትሠራ ለሁለት ቤት የምትሠራ ሴት። ሙሉ ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን አጣምራለች። ጋሽ ፈንታው ተራቸው ሲደርስ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ በጣታቸው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጉ። በቅሎዋን በጆሮዋ፣ ቄሱን በጥምጣሙ፣ ሴትዮዋን በእንስራዋ ያውቃሉ፤ ሁሉም የገዛ እጃቸው ሥራ ነው።

«በሕግ አምላክ!»

አራጋው ነው። «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው፣ የሚፈስ ውሃም ቆሞ ያዳምጣል። «ደንብ ይነበብልኝ! የነካ ያንቀሳቅስ ይላል። አምስት ነኩ! የትኛውን ነው የሚያንቀሳቅሱት?»

የጋሽ ፈንታው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሙሉ ወደ እጃቸው አየች፣ ወደ ዓይናቸው አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ። ደብተሩን ገለጥኩ። የነካ ያንቀሳቅስ ይላል፤ በእኔው እጅ ጽሑፍ። ገጹን ወደ ኋላ ገለበጥኩ፣ ወደ ፊት ገለበጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አንድ ሰው አምስት ሰው ያለበት ቤት ገብቶ አንዱን ብቻ ሰላም ቢል ምን ይባላል?» አልኩ።

«ባለጌ!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

«እንግዲያውስ ጋሽ ፈንታው የሚነኩት ሊያንቀሳቅሱ አይደለም። ሰላም እያሉ ነው። ሰላምታ እንደ ንክኪ አይቆጠርም። ተብራርቷል። ይቀጥሉ።»

አራጋው አፉን ከፈተ፤ ባለጌ ላለመባል መልሶ ዘጋው። ተራው የጦይባ ሆነ። ጦይባም እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገችና፣ «እኔስ ብቻዬን ባለጌ ልባል? ወላሂ አይሆንም!» ብላ የራሷን ሰዎች አንድ በአንድ ዳሰሰች። «እንዴት ዋላችሁ? ልጆች ደኅና? ከብቱስ?» ከዚያ፣ «እንግዲህ አንቺ በቅሎ፣ ከዳገቱ ወደ ወንዙ ሁለት ጉድጓድ አውርጄሻለሁ፤ አደራ እንዳትረጥቢ!» ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ፈንታው ግን አልሳቁም። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከ መጨረሻው ጦይባ ያንቀሳቀሰችውን ሁሉ እየመረቀችና እየገሠጸች ስሙንና መንገዱን ጮክ ብላ ተናገረች። እኔም ያን ጊዜ የሰርጉን ወሬ ከእኔ ሌላ ማን ማን እንዳላመነው ገባኝ።

«ለምን ዝም ብላ አልተሸነፈችላቸውም?» ትሉ ይሆናል። እናንተ ጋሽ ፈንታውን አታውቋቸውም። የማያየው ዓይናቸው እንጂ ልባቸው አይደለም፤ የተለቀቀላቸውን ድል ሳያሸቱት አያልፉም፤ ያሸተቱ ዕለት ደግሞ ራሳቸው ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ጦይባ እንደ ነብር ተጫወተች። እሳቸውም እንደ ነብር። ሲያልቅ ሰባት ለሰባት።

ማለያ ደንብ አለን። መጀመሪያ፣ በሳንቃው ላይ ብዙ ሰው የቀረለት፦ እኩል። ቀጥሎ፣ ጥቂት የሸኘ፣ ጨዋ ስለሆነ፦ እኩል። ሦስተኛው «ትልቅ ይቅደም» የሚል ነው። ተስፋዬ ለመለመ። ልናገር ስል ጋሽ ፈንታው ጠረጴዛውን መቱት። «በዕድሜ ከሆነማ ዋንጫውን ለአቡነ ዮሴፍ ተራራ ስጡት! እኔ ተጫውቼ ነው።»

ሙሉ ተነሣች። «ጋሼ፣ ታዲያ ዋንጫው የማን ሆነ?»

ከፍርድ ቤቶቻችን ከተማርነው ሁሉ ትልቁ ጥበብ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። «ጉዳዩ ምርመራ ይፈልጋል» አልኩ። «ተቀጥሯል።»

ሰኞ ሥራ ስላለባት ሻንጣዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። አባቷ ዋንጫውን አላመጡም፤ አላጡምም። እኔም ቀጠርኩ። ለዐቢይ ጾም ቀጠርኩ፤ ለሐዘን ቀጠርኩ፤ ጦይባ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች ብዬ፣ እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሳለች፣ ቀጠርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በላስታ ምድር እንደኔ ያለ ሰነፍ ዳኛ አልታየም መባሌን ሰምቻለሁ፤ ልክ ናቸው።

በግንቦት ግን ትዕግሥት አለቀ። አራጋው እጅ አስወጣ፤ የቤቱ እጅ ሁሉ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ አንድ የፍጥነት ጨዋታ ይደረግ፤ ጊዜ ስለሚፈጅም ሰላምታ ይቅር። ሰላምታ ይቅር! ጋሽ ፈንታው «እሺ» አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ያን ሳምንት በየማታው ብቻቸውን ሳንቃውን ሲያጠኑ ጣታቸው ድንጋይ ላይ ሲንሿሿ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

እሑድ፣ ሰዎቹ ተሰልፈው፣ ልንጀምር ስንል፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር የታሸገ ፖስታ አምጥቶ ሰጠኝ። ከኮምቦልቻ ነው። መነጽሬን ረስቼ ነበርና አራጋው እንዲያነብልን ሰጠሁት። ፖስታውን ሲቀድ ወረቀቱን ተከትላ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ መዳፉ ላይ ወደቀች። የተጻፈባትን አነበበ፤ የዓይን ጠብታ ነበረች። ወደ ጋሽ ፈንታው አየ። እጃቸው ሰላምታ የተከለከሉትን ሰዎቻቸውን ሳይነካ እንዲያው ከላይ ከላይ ያንዣብብባቸው ነበር። አራጋው ጠርሙሷን ቀስ ብሎ ኪሴ ውስጥ ከተተና ወረቀቱን አነበበ።

«ጉዳዩ፦ ይግባኝ ስለማቅረብ። ፍጻሜው ሲጀመር ሰላምታ በደንቡ የጸና ስለነበር፣ ጨዋታው ሳይለይ ሰላምታን መሻር ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ በሚገባ እስኪብራራ ድረስ ውድድሩ እንዲቆይልኝ፣ አባቴም ባሉበት እንዲቆዩ በትሕትና አመለክታለሁ። ሙሉ ፈንታው።»

ጦይባ ሻሿን ስታስተካክል ቆየች። ሰላምታ መሻሩን ለሙሉ ማን በስልክ እንደነገራት አልጠየቅሁም።

«ይግባኙ ያስቀርባል» አለ አራጋው። ጮክ ብሎ። «እንዲያውም በጥልቀት መታየት ያለበት ነው። ክረምቱ ይውጣና።»

«ክረምቱ ይውጣና» አለ ቤቱ።

«እኔስ ተዘጋጅቼ ነበር» አሉ ጋሽ ፈንታው፣ ረዥም ተንፍሰው። «ግን ሕግ ሕግ ነው።»

ጠብታዋን ያን ዕለት ጦይባ ከእኔ ተቀብላ፣ ሽሮ ስታደርስላቸው አብራ ሰጠቻቸው። «ያለው እንዳይሄድ ነው» አለቻቸው፤ ምንም አልጠየቋትም።

እናም አንባቢዎቼ፣ አደራችሁን፣ ይህን ለማንም እንዳትነግሩ። ጋሽ ፈንታው እኔ ብቻ የማውቅ ያስመስላሉ፤ ጦይባ እሷ ብቻ፣ አራጋው እሱ ብቻ፣ ሙሉም እንደዚያው። ስታልፉ ስታገድሙ ላሊበላ ብትመጡና ፍጻሜው ምን ደረሰ ብትባሉ፣ ተቀጥሯል በሉ። የተነገረ ዕለት ያልቃል።