ወይዘሮ አሰፋች በኦርጅናሉ ጀሪካን ላይ የዘመቱበት

በሰባተኛው ዓመተ ጀሪካን፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ሰሊጡ አፉን ሊከፍት አንድ ሐሙስ ሲቀረው የሆነው ይህ ነው። ፊደል ያልጠገቡ እልህ የጠገቡ፣ የመተማ ሐሩር ያልበገራቸው ወይዘሮ አሰፋች፣ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ነገር ከሆዳቸው አልወጣችም ነበር፤ ይህችውም «ኦርጅናል» የምትባል የእንግሊዝ ቃል ናት። ባለሱቁ ሳጂድ በየዓመቱ ቢጫ ጀሪካን ይሸጥላቸዋል፣ ጀሪካኑም ያፈሳል፣ እሳቸውም ይመልሱታል፣ እሱም ከባንኮው ኋላ ቆሞ፣ «እትዬ አሰፋች፣ ኦርጅናል ነው! ኩሉ ተማም፣ ሁሉ ደህና ነው! አያያዝ ነው ያላወቁበት!» ብሎ ያውጃል፤ እሳቸውም ፍቺውን ስለማያውቁት ጀሪካናቸውን ታቅፈው ይመለሳሉ። ቆለኛ ውኃው እንዲቀዘቅዝ ጀሪካኑን እርጥብ ጆንያ ያለብሰዋልና፣ የሚንጠባጠበው ጆንያው ነው ሲባል ማን ይከራከራል?

በዚያች ዓመት ግን ለሰሊጥ አጫጆቻቸው የተቀዳው ውኃ ከጀሪካኑ ተንጠባጥቦ ገና በረፋዱ አለቀ። የአጫጆች አለቃ፣ ደገኛው ምንይችል፣ ማጭዱን ሰቅሎ፣ «በምራቅ ሰሊጥ አይታጨድም! ነገ ውኃ ከሌለ ኮኪት ወርደን ለሌላ ገበሬ ነው የምናጭደው!» ሲል አወጀ። ሰሊጥ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል፤ የዓመት ልፋት ለጉንዳን!

ያን ጊዜ ወይዘሮ አሰፋች መቀነታቸውን አጥብቀው፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷን እፀገነትን ከክፍል አስጠርተው ፍቺውን ጠየቁ፤ እሷም፣ «ቃሉ ከሮማይስጥ፣ ማለትም ከላቲን፣ የመጣ ነው፤ ሥሩ እንደ ፀሐይ መውጣት፣ መነሣት ማለት ነው፤ ኦርጅናል ማለትም መነሻው የታወቀ፣ የሌላ አምሳያ ያልሆነ ማለት ነው» ብላ ፈታችላቸው።

ዘመቱም። ከፊት ጀሪካኑን የጫነች አህያ፣ ቀጥሎ ጎረቤታቸው አየሁሽ ከነጥላዋ፣ ቀጥሎ ምንይችልና አራት የተጠሙ አጫጆች፣ በመጨረሻም ማንም ያልጠራው ፍየል። ሱቁ ሲደርሱ ወይዘሮ አሰፋች እርጥቡን ጆንያ ከጀሪካኑ ገፈው፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተው፣ ከተከፈተው የስኳር ጆንያ በላይ በአጫጆች ክንድ አስነሥተው፣ ገበያው እየሰማ አወጁ፦ «ሳጂድ ሆይ፣ ስማ! የዚህ ጀሪካን መነሻው የታወቀ ከሆነ፣ ምሳህን በልተህ እስክትመጣ ከስኳርህ ላይ ይቀመጥ! ካልሆነ ስኳርህን አንሣ!»

ሳጂድም፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ገና ሳትወርድ፣ ማንም ሳይነካው፣ ስኳሩን ታቅፎ ወደ ጓዳ ሸሸ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ፤ አህያዋም አናፋች። ሳጂድ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ጀሪካን ይዞ ሲወጣ፣ ወይዘሮ አሰፋች ሞልተው፣ ከገዛ ነጠላቸው ላይ አስቀምጠው፣ ነጠላው ደረቅ መሆኑን በመዳፋቸው ዳስሰው ተቀበሉ። በማግሥቱም አጫጆቹ እስኪበቃቸው ጠጡ፤ ሰሊጡም አንድ ፍሬ ሳይራገፍ ታጨደ።

ክብር ይድረሳቸው ለወይዘሮ አሰፋች፣ የእርጥብ ጆንያ ገፋፊ፣ የቃል መርማሪ! ከዚያች ቀን ወዲህ በመተማ ገበያ «ኦርጅናል» ብሎ የሚያውጅ ሁሉ አስቀድሞ ስኳሩን ይሸሽጋል።