ስልሳ ሁለት በመቶ አባቱን ይመስላል

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ቢሮዬ ውስጥ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ዓለም ተገልብጣ አየኋት።

በሕልሜ መሆኑ ነው። ሕልሙ እንዲገባችሁ ግን አስቀድሜ ሥራዬን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ አቧራ ለብሰው የተቀመጡትን የመመረቂያ ጥናቶች ሁሉ ኮምፒውተር ላይ የሚያኖር ማኅደር እሠራለሁ። ፕሮግራም እጽፋለሁ እንዳልል አልጽፍም፤ ሥዕል ነው የምሥለው። አንድ ሳጥን «ሰው»፣ አንድ ሳጥን «ጥናት»፣ በመካከላቸው «ያስገባል» የሚል ቀስት። ሥዕሉ ሲያልቅ ቁልፍ እጫናለሁ፤ የቀረውን ማሽኑ ሥዕሉን እያየ ራሱ ይጽፈዋል። ለሰነፍ የሚመች ሙያ ነው፤ እወደዋለሁ።

አራት ዓመት በኮንትራት ሠርቻለሁ። ዲናችን ዶክተር ገረመው ግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ያለውን የአባታቸውን ሪዝ ቁርጥ በሚመስለው ሪዛቸው ሥር ፈገግ ብለው፣ «ማኅደሩ ሥራ የጀመረ ዕለት የቋሚነት ደብዳቤህን እፈርማለሁ» ብለውኛል። ትናንት ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ «ይጠብቁ» አለኝ። ሽሮ በልቼ ስለነበር ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ጥናቶች ናቸው። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ለብሰው፣ ስማቸው በወርቅ ቀለም ደረታቸው ላይ ተጽፎ፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰው በብብታቸው ይዘዋል። ከፊቴ የቆመው፣ ስለ ሽንኩርት መስኖ የተጻፈ ወፍራም ጥናት፣ አንድ ፕሮፌሰር ለሁለት አጥፎ ይዟል።

«ሦስተኛ ጊዜ መመለሴ ነው» ብሎ አማረረኝ። «ሰውዬው መደምደሚያ የላቸውም ይሉኛል።»

«እውነት የላቸውም?»

«አንድ ቀን ስብሰባ አብረሃቸው ተቀመጥና እየው።»

እኔንስ ማን ያዘኝ ብዬ ቀና ስል የገዛ ጥናቴ ነው። ቀጭን ነው፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። ከተመረቅኩ ወዲህ ዞር ብዬ አላየሁትም።

«እንዴት ከረምክ?» አልኩት።

«ተዘግቼ» አለ።

ውስጥ ስንገባ ወንበሮቹ ላይ መጻሕፍት ተቀምጠው ሰው ያነባሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ አሰገደች መደርደሪያ ላይ ቆመዋል፤ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፏል። እስካሁን ማንም አልተዋሰኝም ብለው አለቀሱብኝ። ላጽናናቸው ስል ፈተና ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ሦስት ፈታኝ ጥናቶች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ የታሸገ ውኃ ቀርቦላቸዋል።

«ካለፍክ ቋሚ ትሆናለህ» አለኝ የመሃሉ።

«ካላለፍኩስ?»

«ረቂቅ ሆነህ ትቀራለህ።»

አራት ዓመት ሙሉ ረቂቅ ሆኜ መኖሬን እሱ አያውቅም።

«ምን ክፍተት ትሞላለህ?»

«ታክሲ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ እሞላለሁ።»

ተያይተው ጻፉት።

«ሌላስ?»

«ጥሩ ሰው ነኝ።»

«ምንጭ ጥቀስ።»

«እናቴ።»

እናቴ ተጠርታ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። «ልጄ ወርቅ ነው» አለች። ፈታኙ ከላይ እስከ ታች አያትና ራሱን ነቀነቀ።

«ከአምስት ዓመት ወዲህ የወጣ ምንጭ ብቻ ነው የምንቀበለው። እኚህ ቆይተዋል።»

«አንተንስ ማን አንብቦህ ያውቃል?» አለችው እናቴ። ፈታኙ አቀርቅሮ ውኃውን ጠጣ።

ከዚያ መመሳሰል የሚለካ ሚዛን አምጥተው ላዩ ላይ አቆሙኝ። ሚዛኑ ጮክ ብሎ ተናገረ። «ስልሳ ሁለት በመቶ አባቱን ይመስላል። የሚፈቀደው ሠላሳ ነው።»

«አፍንጫው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው» አለ አንዱ። «ሳቁም ምንጭ ሳይጠቀስ ተወስዷል።»

«ወልዶኝ እኮ ነው» አልኩ።

«ሁሉም እንዲህ ይላል።»

እናቴ ግን ፊቷ በራ። «እሰይ፣ ተመስገን። ሰፈሩ ሁሉ ሲያማኝ ነው የኖረው። እስቲ ይህችን በማኅተም አድርጋችሁ ስጡኝ።»

ውሳኔው ተነበበ። ፊቴን በራሴ አገላለጽ እንደገና ጽፌ ካልመጣሁ ረቂቅ ሆኜ እቀራለሁ። አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ሙጫና ምላጭ ይዞ ቀረበና ከአፍንጫዬ ልጀምር አለ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እሱን የማየው መስተዋት ፊት ስቆም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ናፈቀኝ፤ በጣም ናፈቀኝ።

«ቋሚነቱ ይቅርብኝ» አልኩ። «አፍንጫዬን አትንኩ።»

ጠራዡ አልሰማኝም። ምላጩ ሲነካኝ ነቃሁ።

የነካኝ የኮምፒውተሩ የቁልፍ ሰሌዳ ነው፤ በአፍንጫዬ ተደፍቼበት ኖሯል። ማሽኑ «ተጠናቋል፤ ደብዳቤዎች ተልከዋል» ይላል። ምን ደብዳቤ ብዬ ሥዕሉን ብከፍት፣ ቀስቱን ገልብጬ ሥዬዋለሁ፤ ጥናት ሰውን ያስገባል። ማሽኑም እንደ ሥዕሉ፣ ከሌላ ለተገለበጡ ጥናቶች ያዘጋጀሁትን ማስጠንቀቂያ፣ ለሙከራ ከከተትኩት ቁጥር ጋር፣ ለመምህራኑ በሙሉ በስማቸው ልኮታል። «ከሌላ ሥራ ጋር ያለዎት መመሳሰል ስልሳ ሁለት በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከሠላሳ በታች አውርደው በአስቸኳይ እንዲመለሱ እናሳስባለን።»

አለቀልኝ አልኩ። ወዲያው በሩ ተንኳኳና አንድ ሰው ገባ። በመጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ዶክተር ገረመው ናቸው። ሪዛቸው የለም፤ የላይኛው ከንፈራቸው ፀሐይ አይቶ እንደማያውቅ ነገር ነጥቷል። በሩን ከኋላቸው ዘጉ፣ የቋሚነት ደብዳቤዬን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፣ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

«አንዷለም» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁን ስንት ሆነ?»

ቀስቱን አየሁ። ደብዳቤውን አየሁ። ከንፈራቸውን አየሁ።

«ሃያ ዘጠኝ ዶክተር» አልኩ።

ፈረሙ።