ክቡር አጣሪ ሌዘር መቁረጫ ሲመርጡ

በየቤተሰቡ አንድ አጣሪ አለ። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ ወይ ቤተሰቡን ገና አላወቀም፣ ወይ አጣሪው ራሱ ነው። አጣሪ ማለት ጃንጥላ ሊገዛ ገብቶ ባለሱቁን «ውሃ አምጣ» የሚል ሰው ነው። ጫማ ሲገዛ ግራውን ብቻ አጥልቆ ሰፈሩን አንድ ዙር ካልዞረ እግሩ አያምንለትም። ወንበር ሲገዛ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ጋዜጣ አንብቦ ይጨርሳል። ሲጠይቅ አያፍርም፣ ሲመልሱለት አያምንም፣ ሲቆጡት ደግሞ አይሰማም።

የኛው አጣሪ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስድሳን ካለፈ ቆየ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የብረታ ብረት ወርክሾፑን የያዝነው እኔና እሱ ነን። እኔ ደንበኛ አነጋግራለሁ፣ የበርና የመስኮት ጌጥ ካርቶን ላይ እነድፋለሁ። እሱ ከአራት ሠራተኞች ጋር ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፣ ዞር ሲል «ክቡር አጣሪ»። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

ሊጠይቅ ሲል ጣቱን ያነሳና «አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ» ይላል። ያቺ አንዲት ጥያቄ ግን ልጆች አሏት፣ የልጅ ልጆች አሏት፣ የሩቅ ዘመድ ሳይቀር አላት። ሁሉም ተከታትለው ይገባሉ።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ባለፈው ዓመት «ሌዘር መቁረጫ ምረጥ» የተባለው።

ዛሬ ሰው ዝም ያለ በር አይወድም። ላሜራው ላይ ቅጠል ወይ ወፍ ተቀዶ ማየት ይፈልጋል። እኛ ያንን በግራይንደርና በሞረድ ስንፈለፍል ሳምንት ይፈጅብናል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ድርጅት በሌዘር ጧት ጀምሮ ከምሳ በፊት ያስረክባል። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ተሻገሩ። ሲያልፉ ሰላም ይሉናል፣ ጤናችንን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ይሻገራሉ። በመጨረሻ አዲስ ክሊኒክ የሚያሠሩ አንዲት ሐኪም መጡ፤ ለደረጃውና ለበረንዳው አርባ ጌጠኛ ላሜራ ይፈልጋሉ። የቅጠል ንድፌን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ይሄንን ነው የምፈልገው» አሉ። «በሁለት ወር ካደረሳችሁ የናንተ ነው። ካልሆነ እኔም እሻገራለሁ።»

ለዓመታት ያጠራቀምነው ለአንድ ማሽን ይበቃል፤ ለትንሹ፣ ለጀማሪ ለሚባለው። ተሳስተን ከገዛን ሁለተኛ የለም። ወርክሾፑ ይዘጋል፣ አራቱም ሠራተኞች ከደንበኞቹ ኋላ መንገዱን ይሻገራሉ።

ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ፣ እውነቱን ልናገርና ልቤ በደስታ ይዘል ነበር። የእህቴ ልጅ በስልኳ አሳይታኛለች፤ ብርሃን ብረት ላይ ሲሄድ፣ ብረቱ እንደ ወረቀት ሲከፈል። አርባ ዓመት ካርቶን ላይ ስነድፍ ኖሬ፣ ከእጄ የወጣች ቅጠል በግራይንደር ጥርሷ ሳይረግፍ በር ላይ ደርሳ አታውቅም። አሁን ልትደርስ ነው! እኔ በዚያው ቀን ብንገዛ ደስ ባለኝ። ክቡርነታቸው ግን ጆንያ አነሱ።

ጆንያው ውስጥ ምን አለ? ውዳቂ። የዛገ ላሜራ፣ ቀለም የጠጣ ላሜራ፣ እንደ ቅጠል የተጠማዘዘ ላሜራ። «የሻጭ ብረት ሁሉ ታጥቦ፣ ተኩሎ የመጣ ነው» አለኝ። «ማሽኑ የኛን ጉድ ይየው።»

የመጀመሪያው ሻጭ ክራቫት ያሰረ ወጣት ነበር። ከሚያብለጨልጭ ላሜራ ላይ ቢራቢሮ ቆርጦ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ቀለጥኩ። ክቡርነታቸው ጣታቸውን አነሱ።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። ይቺን ቁረጥልኝ።» አንድ የዛገ ቁራጭ ከጆንያው ጎትቶ አወጣ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው።»

«ቆሻሻ አይደለም ልጄ፣ የዕለት እንጀራዬ ነው። ቁረጣት።»

ቆረጣት። ማለቴ ሞከረ። ማሽኑ ብልጭታውን ወደ ላይ ተፋው፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ወጣቱ ክራቫቱን አላላና «ዛሬ ጋዙ አንሶ ነው» አለ።

«ስንት ቀን ያንሳል? አንሶ ሲገኝ ማን ይሞላዋል? የሚሞላው ሰው ሲታመምስ?»

ቢራቢሮዬን ኪሴ ከትቼ ወጣን። እኔ በሻጩ ፈንታ አፈርኩ።

ሁለተኛው ቤት እንኳን ማሽኑ፣ ሶፋውም ያስፈራል። ሻጩ ትልቁን ካልወሰዳችሁ ብሎ አጥብቆ ያዘን። «ስድስት ኪሎዋት! የመርከብ ብረት ይቆርጥላችኋል!»

«መርከብ የት አለን?» አልኩት እኔ።

ክቡርነታቸው ካታሎጉን ከጀርባ ጀመሩ። እሱ መጽሐፍም የሚጀምረው ከጀርባ ነው። «ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?»

«የጥገና ቁጥራችን ናት ጋሼ። በማንኛውም ሰዓት ይደውላሉ፣ ወዲያው እንደርሳለን።»

«ጥሩ» አለና ስልኩን አውጥቶ እዚያው ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ደወለ። ከሻጩ በስተጀርባ ያለ ጠረጴዛ ላይ አንድ ስልክ ይጮህ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። እንደገና ደወለ። አንደኛው ሰውዬ ሳያየው ድምፁን አጠፋው።

«ወዲያው ያልከው ይሄን ነው?» አለ አማቼ፣ በለሆሳስ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ወር አለቀ። ሰባት ሻጭ አየን፤ ሦስቱ ከሩቅ ሲያዩን በራቸውን መዝጋት ጀምረው ነበር። ሐኪሟ ሁለቴ ደወሉ። እኔ ደሜ ፈላ። «አንተ ሰው፣ አጣርተህ ስትጨርስ የሚቆረጥ ብረት እንጂ የሚያስቆርጥ ደንበኛ አይኖርም!» አልኩት። እሱ ጆንያውን ትከሻው ላይ አደረገና «አንድ ቤት ብቻ ቀርቷል እትዬ» አለ።

ያ ቤት የአንዲት ቴክኒሻን ሴት ነበር። ሶፋ የለም፣ ክራቫት የለም፤ እጇ ላይ ቅባት አለ። ጣቱን ከማንሳቱ በፊት ቀደመችው።

«ብዙ ጊዜ የምትቆርጡት ስንት ሚሊ ነው?»

ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ፈጠጠ። «ጠየቀችኝ እኮ!»

«አንድ ተኩል፣ ሁለት ሚሊ። ሲበዛ ሦስት» አልኳት እኔ፣ እሱ እስኪረጋጋ።

«እንግዲያው አንድ ተኩል ኪሎዋት ይበቃችኋል። ትልቁን ብሸጥላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ምን ሊያደርግላችሁ?»

ጆንያውን ዘረገፈላት። አልተቆጣችም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እያሻሸች፣ «ሳትጠርጉ አታስገቡ፣ ሌንሱን የሚጠብቀውን መስታወት ያበላሽባችኋል» አለችና ያንን መስታወት ነቅላ አሳየችው። ሳንቲም ታህላለች። ራሱ እንዲቀይራት ሰጠችው። የታመቀ አየር ለስሱ ላሜራ እንደሚበቃ፣ ማቀዝቀዣ ውሃው መቼ እንደሚለወጥ፣ ብርሃኑን በማሽኑ መስታወት በኩል እንጂ በባዶ ዓይን ማየት እንደማይገባ ነገረችን። ከዚያ ቆረጠች። የኛ ውዳቂ፣ የኛ ጉድ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ለስልሶ ወጣ።

«ወፍራም መዳብስ?» አላት፣ ወጥመድ እንደሚዘረጋ ሰው።

«አላውቅም። ሞክሬ ልንገርዎት።»

በሕይወቴ አማቼ እንዲያ ሲያበራ ያየሁት የመጀመሪያ ልጁ የተወለደች ዕለት ብቻ ነው። «አላውቅም አለች! እትዬ፣ ሰማሽ? አላውቅም አለች!» ወንበር ላይ ተቀመጠ። ላብ ላብ አለው። «እዚህ ነው የምንገዛው።»

ማሽኑ የመጣው ሐኪሟ ለቀጠሩን ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀር ነው። ሰፈሩ ወጣ። እኔ ያቺን ለሠርግ የማወጣትን ነጠላዬን ለብሻለሁ፤ ማን ምን ይለኛል? ክሬኑ ማሽኑን ከመኪናው አነሳ፣ ወደ ወርክሾፑ በር አስጠጋ፣ እና ቆመ።

አልገባም። በአንድ ስንዝር አልገባም።

ጎረቤታችን ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ መጣ። «እንዴ! በር ሠሪዎቹ በራቸውን አልለኩም!» ሲል መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ከማዶ ያሉትም ሳቁ።

ቴክኒሻኗ ወደ አማቼ ዞረች። «ጋሼ፣ የበራችሁን ስፋት ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

ጠይቃው ነበር። «ልጄ፣ የበሩን ነገር ለኛ ተይው» ነበር ያላት። ሰባት ሻጭ ስለ ብሎን ቁመት የጠየቀ ሰው የገዛ በሩን አልጠየቀም። እኔስ ብሆን፣ አርባ ዓመት በር ስነድፍ፣ በዚያ በር ስገባ ስወጣ፣ መች ለካሁት?

መፍትሔው አንድ ነው፤ የብረት ክፈፉን ቆርጦ ማስፋት። ያንን ክፈፍ የሠራው ባለቤቴ ነው፣ በገዛ እጁ፣ ወርክሾፑን የከፈትን ጊዜ። አማቼ ግራይንደሩን ያዘ፣ አስነሳ፣ አጠፋ። ወደኔ መጣ።

«እትዬ፣ ይቆረጥ?»

«ቁረጠው።»

ሄደ፣ ተመለሰ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ አልኩህ!»

ሦስተኛ ሲመለስ ግን ክንዴን ይዞ ከሰው ዞር አደረገኝ። ድምፁ ተለውጧል።

«ያቺ የላሜራ ማጠፊያችን ትዝ ትልሻለች?»

እንዴት እረሳታለሁ። ወርክሾፑን እንደከፈትን ባለቤቴ ከአንድ አፈ ቅቤ ነጋዴ የገዛት የመጀመሪያ ማሽናችን ናት። በሁለተኛው ሳምንት ገላዋ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሦስት ዓመት ላሜራ በመዶሻ እየቀጠቀጥን አጠፍን። የባለቤቴ ትከሻ የጎበጠው ያኔ ነው፤ አልተቃናም።

«ከመገዛቷ በፊት ስንጥቋን አይቼ ነበር» አለኝ። «ከቀለሙ ሥር፣ እንደ ጸጉር ቀጥና። ታላቄ ነው፣ በጣም ተደስቷል፣ ሰው ፊት ነው። አፈርኩና ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለት አልችልም እትዬ። አንቺ ላይ እንዳትፈርስ ይቺኛዋን በደንብ ልያት ብዬ ነው የዘገየሁት።»

አርባ ዓመት የሳቅሁበት ሰው ፊቴ ቆሟል፤ ዓይኑ ግራይንደሩ ላይ ነው። ከልጆቼ ለአንዱም ያልነገርኩት ነገር አፌ ላይ መጣ።

«እኔም አይቼ ነበር» አልኩት። «አቧራዋን ስጠርግ ጨርቁ ስንጥቋ ላይ ያዘኝ። ባሌ ነው፣ ደስ ብሎታል ብዬ ዝም አልኩ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄ የሚወልድ ፊቱ ባዶ ሆነ። አንድም አልጠየቀኝም። እኔ ሳቅ አፈነኝ፣ እሱም፤ ሁለት ሽማግሎች ግድግዳ ተደግፈን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ጎሚስታው «አበዱ» አለ።

«ቁረጠው» አልኩት። «ባለቤቴ ቢኖር ጠባብ በር ላይ ቆሞ አይጨቃጨቅም ነበር።»

ቆረጠው። ማሽኑ ገባ። በአራተኛው ቀን የመጀመሪያዋ የክሊኒክ ላሜራ ተጫነች። በመስታወቱ በኩል ብርሃኗ ንድፌን ስትከተል አየሁ፣ የቅጠሌን ጥርስ አንድ በአንድ፣ ሳትዘል፣ ሳታረግፍ። የተቆረጠው ከሥር «ቅጭል» ብሎ ሲወድቅ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። አርባውንም ቀጠሮው ሳይደርስ አስረከብን። ሐኪሟ ደረጃው ላይ ቆመው ቅጠሎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። የማይሻገሩ ደንበኛ አገኘን።

ትናንት አዲስ ላሜራ ልንገዛ አብረን ሄድን። አማቼ ገና ስድስተኛው ጥያቄ ላይ እያለ ነጋዴው ላብ በላብ ሆነና ወደኔ ዞረ።

«እናቴ፣ እባክዎ ይገላግሉኝ!»

መነጽሬን አደረግሁ። «ታገስ ልጄ» አልኩት። «እሱ ይጨርስና እኔ እጀምራለሁ።»