የተሰመረ ይቆረጣል

(የልብስ ስፌት ቤት፤ ጠዋት። በሩ አጠገብ ሰፊ የቆራጭ ጠረጴዛ፣ በላዩም የልክ ወረቀት ክምርና ሬዲዮ። በጓሮ በኩል አንድ መስኮት፣ ከሥሩ የመተኮሻ ጠረጴዛ።)

ሊቁ፦ ዝጋው አልኩህ።

እንፋሎት፦ አንድ ጣት ያህል ነው የከፈትኩት ጋሼ።

ሊቁ፦ ነፋስ በጣት አይለካም። ትናንት አንድ የእጅጌ ልክ በርሮ ጎረቤት ግቢ ገባ።

እንፋሎት፦ እኔም እኮ በሙቀቱ ልበርር ነው።

ሊቁ፦ እንግዲያው እንደ ደንቡ ሐሳብህን በጽሑፍ አቅርብ፤ ኮሚቴው ያየዋል።

እንፋሎት፦ ኮሚቴው ማን ነበር?

ሊቁ፦ እኔ ነኛ፣ ከነጓደኞቼ።

(እንፋሎት መስኮቱን ይዘጋል።)

ሊቁ የቤቱ ቆራጭ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ይባላል። በጠመኔ ያሰመረውን ማንም አይከራከርም። «የተሰመረ ይቆረጣል» የሚለውን ደንብ ያወጣውም፣ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈውም እሱ ነው። እንፋሎት ደግሞ ተኳሹ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዞ ጭስ በመሰለ እንፋሎት ውስጥ ስለሚቆም እንዲህ ብለው ሰየሙት። ነገር አይገባውም ይሉታል። ይገባዋል እንጂ፤ ብቻ እንደ ካውያው ቀስ ብሎ ነው የሚግለው።

የቤቱ ባለቤት ስለ መስኮት፣ ስለ ሬዲዮና ስለ ሻይ ሰዓት አታድርቁኝ ብሎ ነገሩን ሁሉ አምስት አባላት ላሉት ኮሚቴ ትቶታል። አሥሩ ሠራተኞች በየዓመቱ እጅ እያወጡ ይመርጣሉ። ስድስት እጅ ለነሊቁ፣ አራት እጅ ለነእንፋሎት ይሆንና እነሊቁ አምስቱንም ወንበር ጠቅልለው ይወስዳሉ። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። በነዚህ ሰባት ዓመታት እንፋሎት ማታ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ከበሩ መንኳኳት በፊት የምትሰማው ሳሉን ሆኗል። ከዚህ ዓለም የሚመኘው ያ መስኮት እንዲከፈትለት ብቻ ነው። የዘንድሮው ምርጫ ደግሞ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

ሊቁ፦ (ሬዲዮውን ከፍ እያደረገ) አገር ስለ ምርጫ ሥርዓት ይከራከራል፣ አንተ ስለ መስኮት ታወራለህ። ተመጣጣኝ ውክልና ሊመጣ ነው።

እንፋሎት፦ ከየት?

ሊቁ፦ ከየትም። ሥርዓት ነው። እስከ ዛሬ በአንድ ድምፅ የበለጠ ሰው ወንበሩን ይወስዳል፣ ለተሸነፈው የተሰጠውን ድምፅ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ከእንግዲህ ግን ከመቶ አርባ ያገኘ ፓርቲ ከመቶው ወንበር አርባውን ይወስዳል።

እንፋሎት፦ የተሸነፈው ወንበር ካገኘ፣ ያሸነፈው ምኑን አሸነፈ?

ሊቁ፦ ድርሻውን።

እንፋሎት፦ እሺ፣ ከመቶ አርባ የሆነ ሰው እንዴት አድርጎ ይቀመጣል? እስከ ወገቡ?

ሊቁ፦ የሚከፋፈለው ሰውየው አይደለም፤ ወንበሩ ነው።

እንፋሎት፦ የተከፋፈለ ወንበርማ ሰው ይጥላል።

ሊቁ፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) በጨርቅ ላስረዳህ። ሁለት ወንድማማቾች አዋጥተው አንድ ጣቃ ጨርቅ ገዙ። አንዱ ትንሽ በልጦ ስላዋጣ ሁሉንም ወስዶ ሙሉ ልብስ ቢያሰፋና ሌላው ራቁቱን ቢቀር ደስ ይልሃል?

እንፋሎት፦ እዚህ ካውያ ሥር ከሆነ የሚቆመው፣ ራቁቱን ቢቀር ይሻለዋል።

የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቆሙና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሊቁ ሲሳቅበት አይወድም። እንፋሎትም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ፣ እሱ ደንቆሮ መሆኑን፣ ነገር ግን በገዛ ኮሚቴያቸው ቢያሳዩት ምናልባት እንደሚገባው ተናግሮ ለመነ። ሊቁ ልመና ሲሰማ ይለሰልሳል። ቡናማውን ወረቀት ዘርግቶ በጠመኔ አምስት ወንበር ሳለ።

ሊቁ፦ አሥር ሰው፣ አምስት ወንበር። ስለዚህ ሁለት እጅ አንድ ወንበር ነው። እኔ ስድስት እጅ አለኝ፤ ሦስት ወንበር። አንተ አራት እጅ አለህ፤ ሁለት ወንበር። ገባህ?

እንፋሎት፦ መስኮቱስ?

ሊቁ፦ ሦስት ለሁለት ይዘጋል።

እንፋሎት፦ ታዲያ ለኔ ምኑ ተለወጠ?

ሊቁ፦ እንዴት ምኑ? እስከ ዛሬ እንዲያው ያልብህ ነበር፤ ከእንግዲህ ተወክለህ ያልብሃል።

እንፋሎት፦ (የተሳሉትን ወንበሮች በጣቱ እየቆጠረ) ሁለት እጅ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ወንበር ያገኛል ማለት ነው?

ሊቁ፦ ሁሉም።

እንፋሎት፦ እትዬ ቁልፍ ሰፊዋና ጓደኛዋም?

ሊቁ፦ እነሱ የኔ ናቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ እጃቸውን ያወጡት ለኔ ነው። ቢሆንም በመርህ ደረጃ፣ አዎ።

እንፋሎት፦ መርህ በጠመኔ ይሰመራል?

ሊቁ፦ የማይሰመር ነገር የለም። (እየጻፈ) «ሁለት እጅ፣ አንድ ወንበር። ለማንም።»

(እንፋሎት ትልቁን መቀስ አንስቶ ወረቀቱን ዙሪያውን መቁረጥ ይጀምራል።)

ሊቁ፦ ምን እያደረግህ ነው?

እንፋሎት፦ የተሰመረ ይቆረጣል።

ቆርጦም በሩ ላይ ለጠፈው። ሊቁ ቢከለክል ለአገር የተመኘውን ለሥራ ባልደረቦቹ ነፈገ ሊባል ነው። ደግሞም ሒሳቡን ራሱ ሠርቶታል፤ ሦስት ለሁለት ምን ያስፈራል? እንዲያውም ለውጡን ተቀብያለሁ ብሎ አጭር ንግግር አደረገ። ያጨበጨበው ግን ራሱ ብቻ ነበር።

እትዬ ቁልፍ ሰፊዋ ሬዲዮው ካንገፈገፋት ቆይታለች። ሁለት ምሁራን በሬዲዮ ከጠዋት ጀምረው ሲጯጯሁ ተሳስታ ቁልፍ በግራ በኩል የሰፋችበት ጊዜ አለ። እስከ ዛሬ ለሊቁ እጅዋን ታወጣ የነበረው፣ ለሚሸነፍ ሰው እጅ አውጥቶ ከቆራጭ ጋር መቀያየም ትርፉ ምንድን ነው ብላ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን በሩ ላይ የተለጠፈውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ከጓደኛዋ ጋር ለብቻ ቆመች። ለሊቁ አራት እጅ፣ ለእንፋሎት አራት፣ ለእትዬ ሁለት ወጣ። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ወንበር ማለት ነው። አዲሱ ኮሚቴ ሻይ ሳይቀዳ በሦስት ለሁለት ሬዲዮውን ዘጋ፤ በሦስት ለሁለት መስኮቱን ከፈተ።

(ከምሳ በኋላ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እንፋሎት እየተኮሰ ነው፤ አያስልም።)

ሊቁ፦ ይህ ክህደት ነው።

እንፋሎት፦ ድርሻ ነው ጋሼ።

ሊቁ፦ አሥር ሰው ሆነን ሦስት ቡድን። እንዲህ ሆኖ ሥራ ይሠራል?

እንፋሎት፦ ጠዋት ለአገር ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው እኮ።

ሊቁ፦ ለአገር ይሆናል። የዚህ ቤት ሕዝብ ግን ገና አልነቃም። (ዝቅ ባለ ድምፅ) ከእትዬ ጋር ጥምረት ፍጠር ብሎ ማን መከረህ? ሬዲዮው ነው አይደል?

እንፋሎት፦ ካውያው ሲተነፍስ እኔ ሬዲዮ አይሰማኝም። እሷ ጸጥታ ፈለገች፣ እኔ አየር ፈለግኩ። ጥምረት መባሉን አሁን ከእርስዎ ሰማሁ።

(ነፋስ ይገባል። የልክ ወረቀቱ ክምር ተነስቶ ቤቱን ይሞላዋል። ሊቁ በየመኪናው ሥር እየዳኸ ይለቅማል።)

ሊቁ፦ ይኸው ውክልናህ። የሰው ሁሉ ልክ ሜዳ ላይ ቀረ።

እንፋሎት፦ (ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን አንስቶ) ይኼ የኮሌታ ልክ ጀርባው ተጽፎበታል። ያንብቡት እስቲ።

ሊቁ፦ ያገኘሁት ወረቀት ላይ ነው ልክ የማወጣው። (መነጽሩን አድርጎ ያነባል) «ለተከበረው ኮሚቴ። ሙቀቱ ደረቴን ስላፈነኝ መስኮቱ እንዲከፈትልኝ እለምናለሁ። የልክ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው፣ የተቃጠሉት ሦስት አሮጌ ካውያዎች መደርደሪያው ሥር ስላሉ፣ ቢጫኑበት ይበቃል።»

(እንፋሎት ከመደርደሪያው ሥር ሦስቱን አሮጌ ካውያዎች አውጥቶ አቧራቸውን ጠርጎ ክምሩ ላይ ይጭናል። ነፋሱ እንደገና ይመጣል፤ አንድም ወረቀት አይንቀሳቀስም።)

ሊቁ፦ ይህን መቼ ነው የጻፍከው?

እንፋሎት፦ የዛሬ ሰባት ዓመት። ከዚያም በየዓመቱ። የእጅጌውን ልክ ቢገለብጡት አለ፤ የኪሱም ላይ አለ።

ሊቁ፦ (የእጅጌውን ገልብጦ፣ የኪሱን ገልብጦ፣ ሲቀመጥ) ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት መስኮቱ ለምንድን ነው ተዘግቶ የኖረው?

እንፋሎት፦ በጽሑፍ ያቅርቡ ጋሼ። የአሁኑ ኮሚቴ የወረቀት ጀርባም ያነባል።