ካፒቴን ሙላው ሰዓት ሲመርጡ

የማይገዛ መራጭ የሌለው ገበያ የለም፤ ለቆቦ የደረሳት ግን የመራጮቹ አለቃ ነው። ክቡር አቶ ሙላው አውሮፕላን የሚያውቁት አንገታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው ነው። ሆኖም የሚፈልጉት የአብራሪ ሰዓት ስለሆነ ገበያው «ካፒቴን» ብሎ ሾሟቸዋል።

የሹመቱ ባለቤት ሰዓት ሻጯ ቶይባ ናት። አቶ ሙላው በየገበያው ቀን ጃንጥላዋ ሥር ቁጭ ብለው ሰዓቶቿን አንድ በአንድ ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ። ያኛው ማሰሪያው ላስቲክ ነው፣ ይኼኛው ቁጥሩ ደቀቀ፣ ደህናው ደግሞ ውድ ነው።

«ዋጃ ገበያ እኮ በግማሽ ዋጋ ነው» ይሏታል።

«እንግዲያ ከዋጃ ይግዙዋ፣ ጋሼ።»

«የዋጃው ሁለት አገር አይቆጥርም።»

ነገሩ ወዲህ ነው። የአብራሪ ሰዓት በትልቁ ፊቱ ውስጥ የሌላ አገር ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ ሰዓት አለው። ልጃቸው ታረቀኝ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሄዷል። በሰው ስልክ «ድንበሩን ልሻገር ነው» ካለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አቶ ሙላው ግን ምክንያቱን ደርሰውበታል፤ ከሳዑዲ በመጣ ሰው ክንድ ላይ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ቀድሞ አይተዋል።

«እኔ ሥራ ስፈታ እሱ ይተኛል፤ እሱ ሲነሳ እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ። በምን እንገናኝ?»

ቶይባ በዚያው መንገድ ሄዳ፣ ጅዳ የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ የተመለሰች ናት። እዚህ ሲመሽ እዚያም እንደሚመሽ ታውቃለች። ልዩነቱ አቆጣጠሩ ብቻ ነው፤ እኛ ጧት አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱ ሰባት ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለች ታማቸው ነበር። አሁን አንጀቷን ይበሉታል። እውነቱ ስንት ጊዜ አፏ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ፀሐይዋ አንድ ከሆነች፣ ታረቀኝ ነቅቶ ሳለ ነው ያልደወለው፤ ወይም ደግሞ... መንገዱን ስለምታውቀው ይህን ሐሳብ አትጨርሰውም።

ባለፈው ገበያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ካፒቴን ሙላው ጥቁር ፊትና ደማቅ ቁጥር ያለው ሰዓት አንስተው «ይኼ ይሁን» አሉ። ቶይባ ጆሮዋን አላመነችም።

«ትንሹን አንቺ አስተካክይልኝ። አገሩን ታውቂዋለሽ።»

ቶይባ በእነሱ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ላይ አቆመችው።

«የማታ ሦስት ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ» አለች። «ሲሠራ ውሎ ደክሞት ተኝቷል።»

አቶ ሙላው አመሰገኗት፤ ድምፃቸውን ግን ልጅ እንደተኛበት ቤት ዝቅ አድርገው ነበር።