ስልኩ ያላመነው በሬ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሙቀቱን የማይችል ሰው ሞልቷል፤ ምክር መስጠት የማይችል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። በተለይ በሬ እያደለባችሁ መሆኑ ከተሰማ አለቀላችሁ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ጎማ ለጣፊው፣ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ብቻ የሚሳፈረው መንገደኛ ሳይቀር የከብት ሐኪም ይሆንባችኋል።

ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ተሰናብቼ የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው። ምኞቴ አንድ ነው፤ የራሴን መንዳት። ለዚህ ብዬ ከአክስቴ ከእትዬ ዘነቡ ጋር ቀይ ቦቃ በሬ በእኩል ገዛን። እሳቸው ገጠር አስረው ሊቀልቡ፣ እኔ ፉርሽካና ፋጉሎ ላመላልስ፣ ለፋሲካ ሸጠን ልንካፈል። ሁዳዴን እኛ ሽሮ ላይ አፍጥጠን እሱ ሲያመነዥክ ከረመ።

ታዲያ በመሃል የከብት ኤክስፐርት የሚባል መጣ። ሜትርና ስልክ የያዘ ትሁት ልጅ ነው። የበሬውን ደረት ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ቁጥሩን ለስልኩ ይሰጣል፤ ስልኩ ደግሞ በሬው እንዴት እንደሚጨምርና መቼ መጨመር እንደሚያቆም መስመር አስምሮ ይተነብያል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ገዢ የሚጭነው ስልኩ ያጸደቀውን ብቻ ነው ተባለ። ደላላ የለ፣ ጩኸት የለ! እኔ ምን ጎድሎብኝ እምቢ እላለሁ?

ልጁ በየሳምንቱ ሲለካ እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ መኖውንም እትዬ ከደጅ ተቀብለው ይመልሱኛል። አንድ ቀን ደውሎ፣ የበሬህ መስመር ተጋደመ አለኝ። ምን ማለት ነው ስለው፣ አልጨመረም አለ። ፉርሽካውን ጨመርኩ። በሳምንቱም እንደተጋደመ ነው። ፋጉሎውን ጨመርኩ። አሁንም ተጋድሟል! ይኼ በሬ መኖውን እየቸረቸረው ነው እንዴ? ለእትዬ ደወልኩ። በሬው ከሳ አሉ ብላቸው፣ ማን አለ አሉኝ። ስልኩ አልኳቸው። «ጎሽ!» ብለው ዘጉብኝ። በሬው ከሳ የተባለ ሰው ጎሽ ይላል?

የመጨረሻው ልኬት ቀን ኤክስፐርቱን ራሴ አሳፍሬ ሄድኩ። ግራሩ ሥር ቀይ ቦቃ በሬ ታስሯል። ልጁ ዓይኑን ከሜትሩ ሳይነቅል ይለካል። እኔ ግን ወደ አንገቱ አየሁ፤ ቀንበር ልጦታል። የሚደልብ በሬ ከቀንበር ጋር ምን አገናኘው? ይኼማ መልኩ የኛን የሚመስለው የእትዬ የእርሻ በሬ ነው!

አፌን ስከፍት እትዬ ቆንጥጠው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። በማሽላ አገዳና በጆንያ የተጋረደ ዳስ ውስጥ የኛ በሬ ዳሱን ሞልቶ ቆሟል። «አንተ ቀልቃላ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ይኼን አውጥቼ ደረት እያቀፈ ቁጥር ለሚጠራ ሰው ላሳይ? የሰው ዓይን ከዚህ ሌላ በየት ነው የሚገባው? ደግሞ አትፍጠጥበት፤ እንትፍ በልበት!»

እንትፍ ብዬ ጎትቼ አወጣሁት። ልጁ ለካ፤ ቁጥሩን አስገባ። ስልኩ ቀላ። ባንድ ሳምንት እንዲህ የሚጨምር በሬ የለም፣ ቁጥሩ ስህተት ነው አለ። ደግሞ ለካ፤ ደግሞ ቀላ። በዓይንህ እየው እንጂ ብዬ ጮህኩ። ልጁ አቀርቅሮ፣ በዓይን አይሠራም አለኝ። እትዬ በደስታ ሊዘሉ ደረሱ፤ እንኳን ሰው ስልኩም አላየው!

ገዢው የሌላ ሰው በሬ ጭኖ ሄደ። እንግዲያው ገበያ እናውጣው ብላቸው፣ ያ ሁሉ ዓይን ባለበት ብለው እሪ አሉ። ፋሲካ አለፈ። በሬው ዳሱ ውስጥ እየጨመረ ነው፤ እኔም በሰው ባጃጅ ፉርሽካ እያመላለስኩ ነው።

ትናንት ኤክስፐርቱ ደወለ። ያችን የተሳሳተች ቁጥር ሰርዞ የኛን መስመር ለሥልጠና ማሳያ አድርጓታል። አይጨምርም ካለው ትንበያ ንቅንቅ ያላለ፣ እንደናንተ በሬ ያለ ድንቅ በሬ አላየሁም ብሎ አወደሰው። ለእትዬ ነገርኳቸው። እንትፍ እንትፍ አሉና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«በል ተነስ፤ የእርሻውንም በሬ ዳስ እናስገባው!»