የፕሮፌሰር ስለሺ በረዶ

ሰፈራችን ለቡ ብርድ ነው ይባላል። እንዲህ የሚል ሰው ፕሮፌሰር ስለሺን አያውቃቸውም። እኚህ ጎረቤቴ በሐምሌ፣ እኛ ጋቢ ደርበን መስኮት ስንዘጋ፣ በሸሚዝ በረንዳ ላይ ቆመው ጋዜጣ ያነባሉ። ምነው ቢሏቸው፣ «ይኼ እኮ ብርድ አይደለም፤ ጥላ ነው» ይላሉ።

ሰውየው የጂኦግራፊ ምሁር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ግን ዓባይን አይደለም፣ ስምጥ ሸለቆንም አይደለም። የምድርን ጫፍ ነው፤ ዋልታውን። እስቲ አስቡት። ሕዝቡ በረዶ የሚያውቀው ከሰማይ ሲወርድበትና ለስላሳ ውስጥ ሲያየው ብቻ በሆነ አገር፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ዋልታ በረዶ አርባ ዓመት ያስተምራል። እናታቸው «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲባሉ «አስተማሪ ነው» ብለው ያልፉ ነበር አሉ። የቀረውን ለማን ያስረዱታል?

ዋልታውን በዓይናቸው ያዩት አንዴ ነው፤ እኛ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ። ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሁለት ወር ከርመው ሲመለሱ፣ በትልቅ ፔርሙስ የግማሽ ዳቦ ያህል በረዶ ይዘው መጡ። ኤርፖርት ላይ ፈታሿ ምንድን ነው አለቻቸው። ውሃ ነው አሉ። እዚህ ውሃ የለም ወይ ብትላቸው፣ «አለ፤ ይኼ ግን አሮጌ ነው» ብለው አለፉ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሥርዓት አለ። በረዶውን ከፍሪዘር ያወጡና ባቄላ የምታህል ፈልጠው ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጨምራሉ። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ሁላችንም ጆሯችንን እናቀርባለን። ጠሽ ይላል። ዝም ይላል። ደግሞ ጠሽ። በረዶው ውስጥ ታስሮ የኖረ አየር ነው ይሉናል፤ ሰው የሚባል ፍጡር ሳይኖር የተዘጋበት። «አሁን የሳባችሁትን ትንፋሽ ከእናንተ በፊት ማንም አልሳበውም።» ይኼን ሲሉ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፤ ምሁሩም መሃይሙም እኩል።

ባለሱቁ ከድር አንድ ጊዜ ሰምቶ ሁለተኛ አልመጣም አለ። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ወላሂ መምህር፣ አየር እንደዚያ አይወጣም። እንደዚያ የሚያደርገው ሊናገር ያሰበ ሰው ነው» አለኝ። እኔም አስተማሪ ነኝና ሳቅሁበት። ቤቴ ገብቼ ግን ከራሴ ፍሪዘር በረዶ አውጥቼ ውሃ ውስጥ ጨመርሁ። አንዴ ቋ አለና ጸጥ አለ። እንደ ማንኛውም ጤነኛ በረዶ።

ባለፈው ክረምት የሰፈሩ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ፕሮፌሰሩ ለስብሰባ ሐዋሳ ሄደው ሳለ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በሬን አንኳኩ። በረዶው ቀልጧል አሉኝ። ሌላ ቃል ቢጠፋኝ «እግዜር ያጽናዎት» አልሁ።

«እሱስ ድሮም ይቀልጣል» አሉ። «መብራት በጠፋ ቁጥር ከቧንቧ እየሞላሁ አስቀምጥለታለሁ። ስንት ዓመቴ። የአሁኑ ግን ጉድ ነው።»

ጉዱ እንዲህ ነው። ሄኖክ የሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው ውጭ አገር ይማራል። ቅዳሜ መጥቶ ከበረዶው ጥቂት ወስዶ እሱ በሚማርበት ላቦራቶሪ ዕድሜውን ሊያስለካ ነው። ፕሮፌሰሩም እሺ ብለዋል። የለቡ ቧንቧ ውሃ መሆኑ ሲታወቅ የአርባ ዓመት ስማቸው ምን ይሆናል?

«እኔ አፍ የለኝም፤ እርስዎ ይንገሩልኝ መምህር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የሰማነው ምንድን ነው?» አልኋቸው።

ደረጃውን ወደ ታች አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «እሱን አይጠይቁኝ። እኔ ሞልቼ ስዘጋው ዞሬም አላይ።»

ዓርብ ከሰዓት፣ መብራቱም ፕሮፌሰሩም ከተመለሱ በኋላ፣ ሄድሁ። በቀጥታ እንዴት ይባላል? ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ፉሪ በኩል ስለሚሠራው ቤት አወራሁ። ፕሮፌሰሩ በትዕግሥት ሰሙኝና «ዘነበች ናት የላከችህ» አሉ። «የምትሞላውን አውቃለሁ። እሷ ባትሞላው እኔ እሞላው ነበር።»

ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«የዋልታው በረዶ እኮ ይኼን ቤት በደኅና አልረገጠም። ፔርሙሱን ስከፍተው ውሃ ነው። በንዴት ደፋሁትና ማንም ሳያይ የቧንቧ ውሃ አቀዘቀዝሁ። በማግስቱ ዘነበች እስቲ አሰማኝ አለች። ድምፅ እንደማይሰጥ አውቃለሁ፤ ሰበብ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ጨመርሁት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ተናገረ።»

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ? የእኔ ሳቅ እዚያ ላይ አለቀ።

«ለእንግዳ የማሰማው ዕውቀት ለማካፈል እንዳይመስልህ» አሉ። «ብቻዬን መስማት ፈርቼ ነው።»

ታዲያ ለምን ለሄኖክ ይሰጣሉ፣ ስምዎስ አልኋቸው። ውሸታም ከሆንሁ ውሸታም ይበሉኝ አሉ፤ ሌላ ነገር ከሆነ ግን ሳልሞት ልወቀው።

ሄኖክ መጣ፣ በሣጥን አሽጎ ወሰደ። መልሱ እስኪመጣ ወራት አለፉ። እትዬ ዘነበች በእነዚያ ወራት ደረጃ ላይ ሰው ሲያዩ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ አስጠሩኝና ስልካቸውን ሰጡኝ። ልጁ የጻፈው አጭር ነው፦ «ፕሮፍ፣ አይቀየሙኝና ውሃው ክሎሪን አለበት፤ የቧንቧ ነው። ውስጡ ያለውን አየር ግን ሦስት ጊዜ ለካነው። እዚህ ካለን ናሙና ሁሉ የእርስዎ ያረጀ ነው። ከየት ነው ያመጡት?»

እትዬ ዘነበች ስሙ ተረፈ ብለው አለቀሱ። ፕሮፌሰሩ ግን ዋልታውን እርግፍ አድርገው ተዉት። አሁን በሰባ አንድ ዓመታቸው ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ደብተር ይዘው፣ የቧንቧውን መስመር ተከትለው በሀና ማርያም በኩል ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። ትናንት ደጃፍ ላይ ጀሪካን ደርድረን ውሃ ስንጠብቅ በዚያው አለፉ። አንዱ ጎረቤት፣ ፕሮፌሰር፣ ከዋልታ ወደ ቧንቧ ወረዱ ወይ ብሎ ተረባቸው። ቆም ብለው ጀሪካኖቹን አዩ።

«እናንተ የምትጠይቁት መቼ ይመጣል ብላችሁ ነው» አሉ። «በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። እሺ። ስድስቱን ቀን የት ነው የሚውለው?»